የቴስት ውጤት ፋይሎቻችን ስም ጉዳይ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ትናንት ማታ ያስኬድኩትን የሶፍትዌር ቴስት ውጤት ዛሬ ጠዋት ብፈልገው የለም። የጠዋቱ ውጤት በላዩ ተጽፎበታል። ስንት ቀን ያሳደድኩት ስህተት ከነማስረጃው ሄደ፣ በጣም ነው የቆጨኝ።

ቴስቶቹን የምናስኬድበት መሣሪያ፣ ሮቦት ፍሬምወርክ፣ ዝም ካላችሁት ሁልጊዜ አውትፑት፣ ሎግና ሪፖርት የሚባሉ 3 ፋይሎች ያወጣል። ስማቸው ስለማይለወጥ እዚያው ፎልደር ላይ ደግማችሁ ስታስኬዱ አዲሱ አሮጌውን ይውጠዋል። እባካችሁ ትዕዛዙ ላይ ሰረዝና ትልቁን ቲ (-T) ጨምሩ። ያኔ በየፋይሉ ስም ላይ ዓመት፣ ወርና ቀኑን፣ ከዚያ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንዱን ራሱ ይለጥፍላችኋል፤ ዓመቱ ስለሚቀድም ደግሞ በስም ስትደረድሯቸው በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ቁጭ ይላሉ። ሰዓቱ ግን የኮምፒውተሩ ነው፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ያስኬዳችሁት 14 ተብሎ ይጻፋል። ቀኑም የፈረንጅ ነው።

ስሙን ራሳችሁ ማውጣት ከፈለጋችሁ ትንሹ ኦ (-o) ለአውትፑት፣ ትንሹ ኤል (-l) ለሎግ፣ ትንሹ አር (-r) ለሪፖርት ነው። እኔ የተፈተሸውን ክፍልና ብሮውዘሩን እጽፋለሁ፣ ለምሳሌ «ክፍያ_ክሮም»። ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ ሰዓት ስትጽፉ በመካከሉ «:» አታስገቡ፣ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበለውም።

ፋይሉ ስለሚበዛ የቆየውን በየሳምንቱ አጥፉ፤ ያልተፈታ ስህተት ያለበትን ግን እንዳትነኩት። አልሆን ያላችሁ ካላችሁ አብሽሩ፣ ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።