የልብስ ስፌት ክበብ፦ ከፈይ ለምን ብዙ ሜትር ይፈልጋል?

ክበባችን በ2017 ዓ.ም. ሳምንታዊ ሥራውን ሳያቋርጥ ቀጥሏል። ዩኒፎርም ጠግነናል፣ የቤተ መጻሕፍቱን መጋረጃ ሰፍተናል፤ አይታችሁታልና አልደግመውም። አንዱ የስፌት መኪናችን ግን ዓመቱን ሙሉ ቆሟል፣ መለዋወጫ አላገኘንም።

የከበደን የጨርቅ ጥያቄያችን መቀነሱ ነው። ለወላጆች ቀን ዘማሪዎች ጉርድ የከፈይ ጨርቅ ስንጠይቅ «80 ሳንቲ ሜትር ለሚበቃ ጉርድ 1 ሜትር ከ60 ምን ይሠራል?» ተባልን። በዚህ ምክንያት ከዘማሪዎቹ ከፊሎቹ ያለ ጉርድ ወጡ። ልጆቼ ጨርቅ አያባክኑም። ከፈይ ጸጉር አለው፤ እጅ ወደ አንድ በኩል ሲያሻሸው ይለሰልሳል፣ ወደ ሌላው ይሻክራል። ቁራጮቹ ተገለባብጠው ከተሰፉ አንዱ ጠቆር፣ ሌላው ፈዘዝ ብሎ ከሩቅ ይለያል።

ይህንን ያየነው ከደብረ ሲና በጣርማበር ወጥተን ደብረ ብርሃን አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ በሄድንበት ቀን ነው። ሰውየው የቤተ ክርስቲያን ካባ እየቆረጡ ነበር። 1 ሜትር ከ50 ስፋት ያለው ከፈይ ዘርግተው ልጆቹን የአንድ ጉርድ አራት የወረቀት ቅድ እንዲደለድሉ አደረጉ፤ እያንዳንዱ ከወገብ 18፣ ከግርጌ 48 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 80። ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ግልብጥ አድርጋ አራቱንም በአንድ ረድፍ አስገባቻቸው። ከዚያ ጨርቁን በመዳፏ ዳሰሰች። ማንም ሳይነግራት የተገለበጡትን አቃናች። ሦስቱ ገቡ፣ አራተኛው ከዳር ወጣ። «ለዚህ ሌላ 80 ያስፈልጋል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦ «ቲቸር፣ ሦስት ጉርድ አብረን ብንቆርጥስ? 12 ቁራጭ በአራት ረድፍ ያልቃል።»

ሰፊው መቀሳቸውን አስቀምጠው አዩዋት። እኔም እንባዬ መጣ።

ስሌቷ ልክ ነው። ሦስት ጉርድ ለየብቻ ቢገዛ 4 ሜትር ከ80፣ አንድ ላይ 3 ሜትር ከ20፤ ወገቡን ሳይጨምር። ወፍ ወይም አበባ ወደ ላይ የቆመበት ጨርቅም እንዲሁ ነው፤ ሥዕሉ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ የሚደገም ከሆነና ሥዕሉ ከስፌት ስፌት እንዲገጥም ከተፈለገ ለ80 ቁመት 90 መቁጠር ይገባል።

ስለዚህ ለ2018 የምንጠይቀው ይህ ነው፦ ጨርቃችን በየወሩ በቁርጥራጭ ሳይሆን መስከረም ላይ፣ ልጆቹ ባሰሉት ሜትር፣ በአንድ ጊዜ ይገዛልን።