ስለ ኢንተርኔት መጠይቆች ውጤት አዘጋገብ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስታቲስቲክስ የማስተምር የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ ነኝ። በቴሌግራምና በፌስቡክ የተሰበሰቡ መጠይቆች ውጤት በጋዜጦቻችን ሲዘገብ፣ «ይህን ያህል ሺህ ሰው ተሳትፎበታል» የሚለው ሐረግ የታማኝነት ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ እያሳሰበኝ ስለመጣ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

የመላሾች ብዛት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማስረዳት ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምጠቅሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። አጥኚዎቹ፣ በአሜሪካ የኮቪድ ክትባት የወሰዱ አዋቂዎችን ድርሻ ይገምቱ የነበሩ ሦስት የኢንተርኔት ዳሰሳዎችን ከመንግሥት የክትባት መዝገብ ጋር አነጻጸሩ። በፌስቡክ ተጠቃሚዎች ላይ የተካሄደው በየሳምንቱ 250,000 ገደማ፣ የአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የሚያካሂደው ደግሞ በየዙሩ 75,000 ገደማ መላሾች ነበሩት። ሆኖም በግንቦት 2021 የመጀመሪያው በ17፣ ሁለተኛው በ14 የመቶኛ ነጥብ ከእውነቱ በላይ ገምተው ተገኙ። በአንጻሩ አባላቱን በዕጣ ከወጡ አድራሻዎች የሚመለምለውና ኢንተርኔት ለሌላቸው መገናኛ የሚያቀርበው ሦስተኛው ዳሰሳ፣ በሳምንት 1,000 ያህል ሰው ብቻ እየጠየቀ ለእውነቱ ቀረበ። እንደ አጥኚዎቹ ስሌት፣ የ250,000ው ሰው መልስ በአንድ ወቅት በዕጣ ከተመረጡ 10 ሰዎች ከሚገኝ ግምት የተሻለ አልነበረም።

ምክንያቱ፣ መጠይቁን ለመሙላት ፈቃደኛ የሚሆነው ሰውና ክትባቱን ለመውሰድ የሚፈጥነው ሰው የሚቀራረቡ መሆናቸው ነው። እንዲህ ያለውን ዝንባሌ የናሙናው መጨመር አይቀንሰውም፤ እንዲያውም የስሕተት ወሰኑን እያጠበበ በተሳሳተው ቁጥር ላይ ያለንን እምነት ያጠነክረዋል። ለመልሶቹ በዕድሜና በጾታ ክብደት መስጠትም (ማለትም በናሙናው ከሕዝብ ድርሻቸው ባነሰ ቁጥር የተገኙትን ሰዎች መልስ አብልጦ፣ በበዛ ቁጥር የተገኙትን ደግሞ አሳንሶ መቁጠርም) አልበቃም፤ የፌስቡኩ ዳሰሳ የትምህርት ደረጃን ሳያስተካክል ቀርቶ ነበር።

ይህን ስል በኢንተርኔት የሚሰበሰብ መረጃ ሁሉ ይጣል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ወቅት ኤክስቦክስ በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ አማካይነት የተሰበሰበው መልስ 93 በመቶው የወንዶች ነበር፤ ነገር ግን ተመራማሪዎች መላሾቹን በጾታ፣ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በክፍለ ግዛትና በመሳሰሉት ከፋፍለው፣ በስታቲስቲክስ ሞዴል የየክፍሉን አስተያየት ገምተው፣ እያንዳንዱ ክፍል በመራጩ ሕዝብ ውስጥ ባለው ድርሻ ልክ ሲደምሩት ከታወቁት የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ጋር የሚወዳደር ግምት አግኝተዋል። ይህ ዘዴ ግን የየክፍሉን ድርሻ አስቀድሞ ማወቅን ይጠይቃል። እዚህ ላይ የእኛ ችግር ይከብዳል፤ በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነውና፣ ክብደት ሰጪው ባለሙያ የሚደገፈው ዘመን ባለፈበት ቁጥር ላይ ነው። አብዛኛው ገጠሬ ኢንተርኔት በማይጠቀምበት አገር ደግሞ ፈጽሞ ያልተጠየቀን ሰው መልስ የትኛውም ሞዴል ከባዶ አይፈጥረውም።

ጥንቃቄ የሚቻል መሆኑን ግን አይተናል። የዓለም ባንክ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ወቅት በኢትዮጵያ ያካሄደው የስልክ ዳሰሳ፣ ቀደም ሲል ቤታቸው ድረስ ተሂዶ ከተጠየቁ ቤተሰቦች መካከል ናሙናውን ስለወሰደ፣ ስልክ የሌላቸው በምን እንደሚለዩ ታውቆ ክብደቱ ሊስተካከል ችሏል።

ስለዚህ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል የማንኛውንም መጠይቅ ውጤት ሲያወጣ፣ መላሾቹ በምን መንገድ እንደተገኙና ክብደት የተሰጠው በየትኛው ዓመት የሕዝብ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ አብሮ እንዲያትም በአክብሮት እጠይቃለሁ። አጥኚው ይህን ሊገልጽ ካልፈቀደ፣ መቶኛው በዜናው ርእስ ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስታቲስቲክስ መምህር