ጥገና ክፍል ሳትገቡ «ፈጠራ የለም» አላችሁ

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ፈጠራ ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ ደሴም ብዙ ሰው አንብቦታል። እኔ አንዷን መስመር ማለፍ አቃተኝ። ፋብሪካዎቹ የምርምር ክፍል ስለሌላቸው ፈጠራ ገና አልጀመሩም የምትለዋን።

ስሕተት ነው። አናዶኛልም።

የምርምር ክፍል አለመኖሩ እውነት ነው። ግን ፈጠራን የምትፈልጉት በር ላይ በተለጠፈ ጽሑፍ ነው እንዴ? እኛ ጋ ፈጠራ ያለው ጥገና ክፍል ነው። ዘጋቢያችሁ ሥራ አስኪያጅ አነጋገረ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩን ዞረ፤ እጁ ግሪስ የነካ አንድ ሰው ግን አላናገረም። ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ ቢራው ከዚያ በፊት ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። እነሱን ያቆያቸው ማን ይመስላችኋል?

አሠራሩን ልንገራችሁ። ማሽን ይሰበራል። መለዋወጫው የውጭ ነው። የውጭ ምንዛሪ ይፈለጋል፣ ኤልሲ (ለውጭ ግዢ ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ይከፈታል፣ ዕቃው በጅቡቲ እስኪገባ ወራት ያልፋሉ። ፋብሪካው ያን ያህል ቆሞ ደመወዝ መክፈል አይችልም። ስለዚህ መካኒኩ የተሰበረውን የማሽን ጥርስ ይዞ ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚቀረጽበት ቦታ፣ ይሄዳል። ይለካል፣ ያስቀርጻል፣ ይገጥማል፤ አልበረክት ካለው ብረቱን ይቀይራል። አንዳንዴ ከዋናው የተሻለ ይወጣል፤ ማሽኑ የቱ ጋ ቶሎ እንደሚበላ የሚያውቀው እሱ ነዋ። በ2014 ጦርነቱ ከተሞቻችን ገብቶ ፋብሪካዎቹ ሲዘረፉም ከአንዱ ማሽን ፈትተን ሌላውን ያስነሳነው እንዲሁ ነው።

የኔ ንዴት የቆየ ነው። ድሮ በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ ክር እየበጠሰ የሚያስቸግር ማሽን ነበር። የክር ማለፊያውን ቅርጽ ቀይሬ አስተካከልኩት፤ ንድፉን ጽፌ ለቢሮ አስገባሁ። መልስ አጣሁ። ቆይቶ ማሻሻያው በሌሎቹም ማሽኖች ተገጠመ፣ በሪፖርትም የማኔጅመንቱ ስኬት ተብሎ ቀረበ። የኔ ስም የለበትም። አሁን ደግሞ እናንተ መጣችሁና ከነጭራሹ ፈጠራው የለም አላችሁኝ!

መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው፦ ሠራተኛው ያመጣውን መላ ፋብሪካው ምን ያደርገዋል? አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአነስተኛ ፈጠራ የ5 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ዓመትም ይታደሳል። ይህን ለመካኒኩ የነገረው አለቃ ማን ነው? ካይዘንም (ከጃፓን የመጣው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ) ቢሆን ዋናው ነገሩ ከሠራተኛው የሚመጣ ሐሳብ ነበር፤ እኔ ባየሁባቸው ቦታዎች ግን መሣሪያ መደርደርና ወለል ማጽዳት ላይ ቆመ። ሐሳቡን የሚመዘግብ፣ የሚሞክር፣ ላመጣው ሰው የሚከፍል ከሌለ መካኒኩ ዘዴውን በሆዱ ይዞ ጡረታ ይወጣል። ተተኪው ከዜሮ ይጀምራል።

ምርምር አያስፈልግም አላልኩም። ያስቀረጽነው ብረት ስንት ጭነት እንደሚችል የሚፈትሽልን ብናገኝ በወደድን። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ኮምቦልቻ ነው። እሱንና ጥገና ክፍሎቹን ማን ያገናኛል ብላችሁ ብትጽፉ ኖሮ ጠቃሚ ዘገባ ይወጣችሁ ነበር።

ማስተካከያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ዘጋቢውንም መልሳችሁ ላኩት። በማታ ሺፍት ይምጣና መጀመሪያ ጥገና ክፍል ይግባ።

የጥገና ሠራተኛ
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ