ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ታማሚ ይዞ ሕንድ ለሚሄድ ሰው ሁሉም የሚያወራለት ስለ ቪዛና ስለ ዶላር ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ትዝ የሚለው ሻንጣ ከታሰረ በኋላ ነው።

ክትባቱን ማግኘት አይደለም ችግሩ፤ ቀኑ ነው። የክትባቱ ማስረጃ የሆነው ቢጫ ካርድ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ጎረቤቴ እናቷን ለልብ ሕክምና ልትወስድ ኤርፖርት ደርሳ፣ ሠራተኛው ካርዷ ላይ ያለውን ቀን በጣቱ ቆጠረና መለሳት። "ተከትቤያለሁ እኮ!" ብትል ማን ሰምቷት። ሕንድ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም፤ ካርዱ ያልተሟላን መንገደኛ እስከ 6 ቀን ለይታ ልታቆይ ትችላለች። አስታማሚም ቢሆን ካርድ ያስፈልገዋል።

ሌላው ደግሞ "ካርዴ 10 ዓመት አለፈው" ብሎ በከንቱ ይሰለፋል። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ እኮ አንዱ ክትባት ዕድሜ ልክ ያገለግላል!

ታማሚው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ስለዚህ የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለደከመ፣ ለነፍሰ ጡሮችና ዕድሜያቸው ከ60 ላለፈ ሰዎች አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ግድ ነው። መከተብ የማይችል ሰው ሐኪሙ ምክንያቱን ጽፎ ይሰጠዋል። ያም ሆኖ መዳረሻው አገር ወረቀቱን ይቀበል እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ነው።

የትኬት ቢሮዎች "ፓስፖርትዎን" ሲሉ "ቢጫ ካርድዎስ?" ቢሉ ምን ይከብዳቸዋል?

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ