ቁጣ ብቻ አይበቃም

ክቡር አዘጋጅ፦

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲሆን የ16 ዓመት ልጅ አባት ነኝ። ማታ በየብሎኩ ሥር የሚሰበሰቡትን ወጣቶች «ባለጌዎች» ብዬ አልፋቸው ነበር። ነገር ግን ደስታን የሚሻው የአንጎል ክፍል በጉርምስና ሲነቃቃ፣ ከግንባር ጀርባ ያለውና ስሜትን የሚገታው ክፍል ግን እስከ 25 ዓመት ገደማ እየበሰለ እንደሚቆይ፣ እኩዮች ሲያዩም ድፍረቱ እንደሚጨምር ከተረዳሁ ወዲህ፣ ጫት ወይም ሺሻ ቢቀርብለት ምን ብሎ እንደሚመልስ ከልጄ ጋር አስቀድመን እንለማመዳለን። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ስልኩም ሌሊት ሳሎን ያድራል፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ራሱን መግታት ይከብደዋልና። ትምህርት ቤቶች የወላጆች ስብሰባ ሲጠሩ ስለ ውጤትና ስለ ክፍያ ብቻ ከሚነግሩን፣ ይህን የሚያስረዳ ባለሙያ ቢጋብዙልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ወላጅ፣ ከየካ አባዶ