ያልተከፈለ ገንዘብ ሁሉ ነፃ ገንዘብ አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የከተማ ምክር ቤት በበጀት ዓመቱ አጋማሽ ማሻሻያ ሲያጸድቅ ዜናው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይህን ያህል ገንዘብ ከዚህ ተነሥቶ ለዚያ ግንባታ ተዛወረ ይባላል። ገንዘቡ ለምን ሳይሠራበት እንደቆየ፣ የተነሣበት ሥራስ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን ሲጠየቅ እምብዛም አይሰማም። አባላት እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት መጠየቅ ያለባቸው ግን ይህንኑ ነው።

ለአባላት የሚታደለው ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ 3 አምድ ብቻ አለው፦ የጸደቀ፣ የተከፈለ እና ቀሪ። ስሕተቱ የሚጀምረው «ቀሪ» ከሚለው ነው። ለመንገድ ጥገና 20 ሚሊዮን ጸድቆ 8 ሚሊዮን ቢከፈል፣ ሠንጠረዡ 12 ሚሊዮን ቀሪ ያሳያል። ከዚያ ውስጥ 9 ሚሊዮኑ ውል ተፈርሞበት ተቋራጩ ሥራ ላይ ከሆነ ግን ነፃ የሆነው 3 ሚሊዮን ብቻ ነው። 10 ሚሊዮን ይዛወር ተብሎ ከጸደቀ 7 ሚሊዮኑ የተነሣው ከተፈረመ ውል ላይ ነው ማለት ነው። ተቋራጩ የክፍያ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ለሠራው ሥራ ክፍያ እንደሚገባው የሚያረጋግጥ ሰነድ፣ ይዞ ሲመጣ የሂሳብ መደቡ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ክፍያው ለከርሞ ይሻገራል፣ ሥራው ይቆማል፤ ውሉ ለዘገየ ክፍያ ወለድ የሚያስከፍል ከሆነ ደግሞ ከተማው አንድ ሜትር መንገድ ሳይጨመርለት ተጨማሪ ይከፍላል። መፍትሔው «በውል የተያዘ» የሚል አራተኛ አምድ ማስገባት ነው። ለዚህም የፋይናንስ ክፍሉ የውል መዝገቡን ከክፍያ መዝገቡ ጋር ማመሳከር ይበቃዋል።

ነፃ የሆነው ገንዘብም ቢሆን ምንጩ ይለይ። ሠራተኛ ሳይቀጠርበት የቀረ ደመወዝ፣ ወይም ንብረት ተሸጦ የገባ ገንዘብ፣ የአንድ ጊዜ ገቢ ነው። በእሱ ለቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ መግዛት ይቻላል። በየወሩ ደመወዝ የሚጠይቅ አዲስ አገልግሎት ከተከፈተበት ግን የሚቀጥለው ዓመት በጀት ገና ሳይጸድቅ ጎድሏል።

ዝውውር ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው የጥገና በጀት መሆኑ በጣም ያሳዝናል። ተከራካሪ የለውም። አሸንዳው ባይጠረግ በዚያው ሳምንት ማንም አያስተውልም። ውኃው ጣራው ላይ ይተኛል፣ በስንጥቅ ወደ ኮንክሪቱ ይገባል፣ ብረቱን ያዝጋል፤ የዛገ ብረት ስለሚያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈለቅቀዋል። ያን ጊዜ በመጥረጊያና በመሰላል ያልቅ የነበረው ሥራ ጣራ ማፍረስን ይጠይቃል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ለሕዝብ ሕንፃዎች ጥገናና እድሳት በየዓመቱ እንደገና ለመሥራት ከሚፈጀው ዋጋ ከ2 እስከ 4 በመቶ እንዲያዝ ጠቁሟል። እንደገና ለመሥራት 100 ሚሊዮን የሚፈጅ ሕንፃ ያላት ከተማ እንግዲህ በየዓመቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ልትይዝለት ይገባል። አዲስ ሕንፃ ሲጸድቅ ይህ ቁጥር ከግንባታው ወጪ አጠገብ መጻፍ አለበት።

አነስተኛ የሚባሉት ግንባታዎችም ከዚህ አያመልጡም። የሕዝብ መጸዳጃ ቤትን እንውሰድ። በቀን 400 ሰው ቢጠቀምበት፣ ለአንድ ሰው ለማጠቢያ 6 ሊትር፣ ለእጅ መታጠቢያ 1 ሊትር ቢታሰብ፣ በቀን 2,800 ሊትር ያስፈልጋል። 2,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ከተሰቀለ የመስመር ውኃ በጠፋበት ቀን ከሰዓት በኋላ ይደርቃል። ለ2 ቀን መጠባበቂያ ቢያንስ 5,600 ሊትር መያዝ አለበት፤ ያን የሚሸከም ማማም በዲዛይኑ መግባት ይኖርበታል። የገባው ውኃ ደግሞ መውጣቱ አይቀርም። አፈሩ ሸክላ ሆኖ የማስረጊያ ጉድጓዱ አልቀበል ካለ፣ 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና በየ3 ቀኑ ገደማ መመላለስ ይኖርበታል። ይህ በዓመት ከ120 ጊዜ በላይ ነው። ለዚህ በጀት ስለማይያዝ በሩ ላይ ቁልፍ ይንጠለጠላል።

አፈሩ ውኃ ማስረግ አለማስረጉን አስቀድሞ ለማወቅ ውድ ጥናት አያስፈልግም። ቦታው ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃ ይሞላል፤ አፈሩ እስኪጠግብ ይጠበቃል፤ ከዚያ እንደገና ተሞልቶ ውኃው በስንት ደቂቃ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ይለካል። በበጋ ብቻ ከተለካ ውጤቱ ያታልላል፤ በክረምት መሬቱ ራሱ ጠግቦ ስለሚገኝ ነው።

ጊዜም ይታሰብ። የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ጨረታውን አየር ላይ ማቆየት፣ መገምገም፣ ቅሬታ መስማትና ውል መፈረም አንድ ላይ ሲደመሩ በቀላሉ 3 ወር ይወስዳሉ። ዓመቱ ሊዘጋ 2 ወር ሲቀረው ለግንባታ የሚጸድቅ ገንዘብ ወይ ሳይሠራበት ይመለሳል፣ ወይ «በጀቱ እንዳይቃጠል» ተብሎ ዲዛይኑ ሳያልቅ ቅድመ ክፍያ ይከፈልበታል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ያላለቀ ዲዛይን በሥራው መካከል የለውጥ ትዕዛዝ፣ ማለትም በውል የታሰረውን ሥራ የሚቀይር ትዕዛዝ፣ ያስከትላል፣ ለውጡም ሌላ የበጀት ማሻሻያ ይዞ ይመጣል።

የማሻሻያ ሰነዱ ለአባላት በጉባኤው ዋዜማ ሳይሆን ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ ይድረሳቸው። ቋሚ ኮሚቴውም በእነዚያ ቀናት ገንዘቡ የሚነሣበትን ሥራና አዲሱ ግንባታ የሚያርፍበትን ቦታ ሄዶ ይይ፤ የተፈረሙትን ውሎች ዝርዝርም ከአስተያየቱ ጋር አባሪ ያድርግ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ