ጉዳዩ፦ ሲስተምዲን ብቻ ነጥሎ ማደስ ለምን እንደማያዋጣ ስለማብራራት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የሰርቨሮቻችሁን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወደ አዲስ እትም እንደምናዛውር የሚገልጽና ወጪውን የያዘ ደብዳቤ ባለፈው ወር መላካችን ይታወሳል። ደብዳቤው ከደረሳችሁ በኋላ ከብዙዎቻችሁ የመጣልን ጥያቄ በአነጋገር ይለያይ እንጂ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ ይኸውም «ያረጀው ሲስተምዲ የምትሉት የአገልግሎት አስተዳዳሪ ከሆነ፣ ሌላውን ሳትነኩ እሱን ብቻ ለምን አታድሱልንም?» የሚል ነው። ሙሉ ዝውውር ገንዘብም የአንድ ሌሊት የሥራ መቋረጥም ስለሚጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። በስልክ ለየአንዳንዳችሁ ቆራርጠን ከምንመልስ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳቱን መርጠናል።

ሰርቨር ሲበራ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቀድሞ የሚነሣው እምብርቱ የሆነው ከርነሉ ነው፤ ከርነሉ ደግሞ አንድ ፕሮግራም አስነሥቶ ቁጥር 1 ይሰጠዋል። በማሽኑ ላይ የምታውቋቸው ሌሎች ፕሮግራሞች፣ ማለትም ዳታቤዙ፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩና ባክአፑ፣ የዚህ የቁጥር 1 ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ሲስተምዲ ቁጥር 1 ሆኖ የሚሠራ፣ ማን ከማን በፊት እንደሚነሣ የሚወስን፣ የወደቀውን መልሶ የሚያነሣና የእያንዳንዱን ሎግ (የሥራ መዝገብ) የሚሰበስብ ፕሮግራም ነው። ሥራውን ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ እ.ኤ.አ. በ2010 ጀመሩት፤ ከሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዓይነቶች (ስርጭቶች) መካከል ፌዶራ በ2011፣ ዴቢያንና ዩቡንቱ ደግሞ በ2015 ዋና የአገልግሎት አስተዳዳሪያቸው አደረጉት። ከዚያ በፊት ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩት በተራ የሚነሡ ስክሪፕቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቻችሁ ዘንድ እስከ ዛሬም አሉ፤ ወደ እነሱ እንመለሳለን።

የሲስተምዲ ምንጭ ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ «ራሳችሁ ገንቡት» ያላችሁን ደንበኞች ሐሳብ ሳንሞክር አልተውነውም። ሴንትኦኤስ 7 የተባለው የቆየ የሊኑክስ ስርጭት የተጫነበት የሙከራ ማሽን አዘጋጅተን ጀመርን። የመጀመሪያው እንቅፋት የመገንቢያው መሣሪያ ነው። ሲስተምዲ ከ234ኛው እትሙ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ፣ ሜሰንና ኒንጃ በሚባሉ መሣሪያዎች ይገነባል፤ በዚያ ላይ አዲስ ፓይተን ከጂንጃ ላይብረሪው ጋር፣ ጂፐርፍ የሚባለውን ትንሽ መሣሪያና ጂሲሲ የሚባለውን ኮምፓይለር (ምንጭ ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይር መሣሪያ) በሴንትኦኤስ 7 ላይ ካለው 4.8 እጅግ በአዲስ እትሙ ይፈልጋል። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከለክልም፤ መሣሪያዎቹን በተለየ ማውጫ ጭኖ ማለፍ ይቻላል።

ሁለተኛው እንቅፋት ግን የሚታለፍ አይደለም። ሲስተምዲ እንደ አብዛኛው የሊኑክስ ፕሮግራም ጂሊብሲ በተባለው መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) ላይ ይቆማል። 258ኛው እትም ቢያንስ ጂሊብሲ 2.31 ይጠይቃል፤ ሴንትኦኤስ 7 ላይ ያለው 2.17 ነው። ይህን ላይብረሪ የሚጠቀመው ሲስተምዲ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንቀይረው ነበር፤ ነገር ግን ከዳታቤዙ ጀምሮ ፋይል እስከምትዘረዝረው ትንሽ ትእዛዝ ድረስ በማሽኑ ላይ ያለው ሁሉ የሚደገፈው በእሱ ነው። ምሰሶውን የምንነቅለው ጣሪያው ሳይወርድ፣ ሰዎቹም ከቤት ሳይወጡ ነው ማለት ነው። ከርነሉም እንዲሁ ነው፤ ያው እትም ቢያንስ ከርነል 5.4 ሲጠይቅ ሴንትኦኤስ 7 የሚሄደው በ3.10 ነው። ላይብረሪውን ቀይረን፣ ከርነሉን ቀይረን፣ ኮምፓይለሩን ቀይረን ስናበቃ «ሲስተምዲን ብቻ» ያልነው ሥራ ስሙ ብቻ የቀረ ሙሉ ዝውውር ይሆናል፤ ያውም ከእኛ በቀር ማንም የማያውቀው፣ የደኅንነት ጥገና ከየትም የማይመጣለት ማሽን ይዘን እንቀራለን። ሴንትኦኤስ 7 ራሱ ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2024 ጀምሮ ጥገና አያገኝም።

እዚህ ላይ ከውጭ አገር በርካሽ የቨርቹዋል ሰርቨር የተከራያችሁ ደንበኞች አንድ ነገር እንድታውቁልን እንፈልጋለን። አንዳንዶቹ የኪራይ ሰርቨሮች የራሳቸው ከርነል የላቸውም፤ የሚጋሩት የአከራዩን ነው። አከራዩ 3.10 ላይ ከሆነ እናንተም እኛም ምንም ማድረግ አንችልም፤ የራሱ ከርነል ወዳለው ኪራይ መዛወር ግድ ይላል።

ግንባታው ቢሳካ እንኳ ለመሥራት የሚጠይቀው ነገር ሌላ ነው፤ እናንተን በቀጥታ የሚነካውም ይኸኛው ነው። ሲስተምዲ እያንዳንዱን አገልግሎት ከነልጆቹ በአንድ ጋጥ የሚያስገባው ሲግሩፕ በሚባለው የከርነል ክፍል አማካይነት ነው። አንድ አገልግሎት ይቁም ሲባል ከጋጡ አንድም ሂደት ሳይቀር የሚቆመው፣ «ይህ ፕሮግራም ከ2 ጊጋባይት ሜሞሪ በላይ እንዳይወስድ» ሲባልም የሚከበረው በዚሁ ነው። ሲግሩፕ ሁለት ትውልድ አለው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 በከርነል 4.5 በይፋ ቢወጣም፣ የፕሮሰሰር ድርሻን የሚቆጣጠረው ክፍሉ የተሟላው በ2018 በወጣው 4.15 ነው። ሲስተምዲ ሁለቱንም ለዓመታት ሲያስተናግድ ቆይቶ በ256ኛው እትም የመጀመሪያውን ትውልድ ካልተገደደ በቀር አላስነሣም አለ፤ በ258ኛው ደግሞ ጨርሶ አስወጣው።

ይህ ለምን ያገባችኋል? ምሳሌው እናንተው ዘንድ አለ። በርከት ያሉ የመድኃኒት መደብሮች የሚጠቀሙበት የክምችት ሶፍትዌር ጃቫ 8 በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራና በኮንቴይነር፣ ማለትም ከሌሎቹ ፕሮግራሞች በተከለለ ማስኬጃ፣ ውስጥ የሚሄድ ነው። ማሽኑ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲኖረው ለኮንቴይነሩ የፈቀድንለት 2 ጊጋባይት ነው እንበል። ጃቫ ሌላ ካልተነገረው በቀር ከሚያየው ሜሞሪ አንድ አራተኛውን የራሱ ጣሪያ ያደርጋል። የቆየ ጃቫ የሁለተኛውን ትውልድ ሲግሩፕ ማንበብ ስለማይችል የሚያየው 2ቱን ሳይሆን 16ቱን ነው፤ ጣሪያውንም 4 ጊጋባይት ብሎ ይይዛል። ጠዋት ሥራው ቀላል ሳለ ምንም አይታይም። ደንበኛ ሲበዛና የወሩ ሪፖርት ሲጠየቅ 2 ጊጋባይቱን ያልፋል፤ ከርነሉም ወዲያው ይገድለዋል። በስክሪኑ ላይ የስሕተት መልእክት የለም፣ በሶፍትዌሩ ሎግ ላይም መስመር የለም፤ ገንዘብ ተቀባዩ የሚያየው የቀዘቀዘ ገጽ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጃቫ 8 ከሆነ 372ኛው ማሻሻያ፣ ጃቫ 11 ከሆነ 11.0.16፣ ወይም 15 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ኮንቴይነሮቹን የሚያስኬደው ዶከርም ቢያንስ 20.10 ሊሆን ይገባል። ነገር ግን ሶፍትዌሩ የእኛ ስላልሆነ ጃቫውን ያለ አቅራቢያችሁ ፈቃድ መቀየር አንችልም።

ከርነሉ ሊያሟላቸው የሚገቡ ሌሎች አማራጮች ዝርዝር ረጅም ነው፤ የታወቁት ስርጭቶች ሁሉንም አሟልተው ስለሚያቀርቧቸው አናሰለቻችሁም። የሚያገባችሁ አንድ ነጥብ ብቻ አለ፤ ከ255ኛው እትም ወዲህ ሲስተምዲ የፕሮግራም ማውጫዎቹ በአንድ ቦታ ተዋሕደው እንዲገኙ ይጠይቃል። በጥቂት የቆዩ ሰርቨሮች ላይ እነዚህን ማውጫዎች በተለያየ የዲስክ ክፍል ለያይተን ያስቀመጥናቸው እኛው ነን። በጊዜው ጥሩ መስሎን ነበር። የማስተካከያውን ወጪ ከእናንተ አንጠይቅም።

አሁን ወደ አሮጌዎቹ ስክሪፕቶች እንመለስ። የሶፍትዌር አቅራቢዎቻችሁ በየጊዜው የሰጧችሁ ማስነሻ ስክሪፕቶች እስካሁን የሚሠሩት ሲስተምዲ በትዕግሥት ስለሚያስተናግዳቸው ነው፤ አዘጋጆቹ ይህን መስተንግዶ እንደሚያነሡት ካስታወቁ ቆይተዋል። ስለዚህ በዝውውሩ ወቅት ለእያንዳንዱ ሶፍትዌር አሥር መስመር የማይሞላ የአገልግሎት ፋይል እንጽፍለታለን። ፋይሉ አጭር ቢሆንም በውስጡ የሚገባው ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ይህንንም ከራሳችን ስሕተት ተምረነዋል።

ባለፈው ክረምት በአንድ ደንበኛችን ዘንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ዩፒኤሱም አለቀ። መብራቱ ሲመለስ ሰርቨሩ በራሱ ተነሣ። ዳታቤዙ በድንገት በመቋረጡ ራሱን ሲያስተካክል አርባ ሰከንድ ያህል ፈጀ፤ «ተነሥቷል» ይባል እንጂ ጥያቄ ለመቀበል ገና ዝግጁ አልነበረም። የሽያጭ ሶፍትዌሩ ተነሣ፣ ዳታቤዙን አጣ፣ ወደቀ። ሲስተምዲ የወደቀውን እንዲያነሣ አዝዘነዋልና አነሣው፤ እንደገና ወደቀ። እኛ ሳንነካ የተውነው የሲስተምዲ መነሻ ልማድ በሁለት ሙከራ መካከል የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ መጠበቅ፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከተነሣ በኋላ ዳግም ከወደቀ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ መተው ነው። አምስቱም ሙከራ ዳታቤዙ ዝግጁ ከመሆኑ ብዙ አስቀድሞ አለቀ። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ዳታቤዙ ደኅና ነበር፤ ሶፍትዌሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚያነሣው አጥቶ ወድቆ አድሯል። አሁን በምንጽፋቸው ፋይሎች ሁሉ በሙከራዎች መካከል 5 ሰከንድ እንዲጠበቅ እናደርጋለን፤ በዚህ አካሄድ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ መድረስ ስለማይቻል ዳታቤዙ እስኪነቃ ድረስ ሙከራው አይቋረጥም።

ከመብራት ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። የእናት ሰሌዳው ትንሽ ባትሪ ያለቀበት ማሽን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቀኑን ይረሳል። ሲስተምዲ ሰዓቱ እሱ ራሱ ከተገነባበት ቀን ወደ ኋላ ከሆነ ወደዚያው ቀን ያራምደዋል፤ ይህ ከምንም ይሻላል እንጂ ትክክለኛውን ቀን አይሰጥም፤ ኢንተርኔት እስኪመለስ የሚታተም ደረሰኝ ሁሉ የተሳሳተ ቀን ይይዛል። ባትሪው ርካሽ ነውና በዝውውሩ ዕለት ለሁሉም እንቀይራለን። ሰዓት ካነሣን አይቀር፣ የባክአፕ ሰዓት ስትነግሩን እባካችሁ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ግለጹልን። «በ8 ሰዓት» ያለንን ደንበኛ ከሌሊቱ 8 ማለቱ ሆኖ ሳለ በሰርቨሩ ላይ 8 ብለን ጽፈነው፣ ባክአፑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሱቁ በተጨናነቀ ጊዜ ሲሄድ ሰንብቷል።

ከዚህ በላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች በሴንትኦኤስ 7 ላይ ያላችሁ ደንበኞች ሰርቨራችሁ ከአዲስ ተጭኖ ወደ ዩቡንቱ 24.04 ይዛወራል። በዩቡንቱ 20.04 ላይ ያላችሁ፣ መደበኛ ጥገናው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ስላበቃ፣ በ22.04 አልፋችሁ ወደዚያው ትደርሳላችሁ። በ22.04 ላይ ያላችሁ በዚህ ዓመት አትነኩም። 24.04 የያዘው ሲስተምዲ 255 እንጂ የመጨረሻው እትም አይደለም፤ ይህን ያደረግነው አውቀን ነው። ከከርነል 6.8 እና ከጂሊብሲ 2.39 ጋር አብሮ የተፈተነና ጥገናው በመደበኛ መንገድ የሚመጣ እትም፣ እኛ በእጃችን ከገነባነው አዲስ እትም ይልቅ ለሥራችሁ ይበጃል ብለን እናምናለን።

ዝውውሩ የሚከናወነው በየሳምንቱ ከቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ሲሆን፣ የበጀት ዓመት መዝጊያ ያለባችሁ ድርጅቶች ከሰኔ 15 እስከ ሐምሌ 15 ባለው ጊዜ ውስጥ አትመደቡም። የቀድሞው ዲስክ ለ30 ቀን ሳይነካ ይቀመጣል። ከእናንተ የምንጠብቀው የሶፍትዌር አቅራቢያችሁ የሚጠቀመውን የጃቫ እትም በጽሑፍ እንዲያሳውቃችሁ ማድረግ፣ በሰርቨሩ ላይ በራሳችሁ ባለሙያ የተጨመረ ማስነሻ ስክሪፕት ካለ መንገር፣ እንዲሁም እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቢሮ ተገኝቶ አንድ የሙከራ ሽያጭ መዝግቦ ደረሰኝ የሚያወጣልን ሰው መመደብ ነው። ሙከራው ካልተሳካ በዚያው ዕለት የቀድሞውን ዲስክ መልሰን እንሰካለን፤ ሰኞ ጠዋት ሥራችሁ በነበረበት ይቀጥላል።

ከሠላምታ ጋር፣
የሰርቨር አስተዳደር ክፍል